ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃምን?

‹‹ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም›› የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ያልሰማ ተማሪ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ልጅ የጀመረው ነገር ከቁም ነገር አይደርስምና ሥራውን ለዐዋቂ ተዉለት ማለት ነው። ምሳሌያዊ አነጋገሮች የብዙ ዘመን ልምድ የተጠራቀመባቸው ስለ ሆኑ በቀላሉ የሚናቁ አይደሉም። ይህንንም ቢሆን ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም። አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ያቦካችው ሊጥ በእውነትም ለቤተ ሰቡ እራት አይበቃም፤ ግማሹ በእጇ፣ ግማሹ በልብሷ፣ የተረፈውም በወለሉ ላይ ይቀራል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ላንሣ። ለመሆኑ ልጅቱ ሊጡን ያቦካችው ለእራት ነውን?

ለእራት አይደለም። እናቷ ስታቦካ አይታ እጇን ለመሞከር፣ ውኃ ሲበዛ ሊጡ እንዴት እንደሚቀጥን፣ ዱቄት ሲጨመር እንዴት እንደሚጠነክር በገዛ ጣቶቿ ለማወቅ ነው ያቦካችው። እኛ ግን ሥራዋን የምንመዝነው በሆዳችን ሚዛን ስለ ሆነ ከንቱ ሆኖ እናገኘዋለን። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ሚዛኑን መለወጥ ይገባናል የሚል ነው። ሕፃናት ከትምህርት ቤት ደጃፍ ከመድረሳቸው በፊት በቤት ውስጥ የሚጠይቁት ጥያቄ፣ በእጃቸው የሚሠሩት መጫወቻና ከራሳቸው የሚያፈልቁት ጨዋታ የኋለኛው ትምህርታቸው ሁሉ መሠረት ነው። መሠረቱን ለመጣል የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ፈቃድ ነው። ፈቃዱንም ለመስጠት ከማንም ይልቅ የተመቻችሁት እናንተ የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ናችሁ ብዬ አምናለሁ። ይህን ለምን እንዳልሁ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሳቤን በማውቀው አገር ላስረዳ። በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የመንዝ ደጋ ብርድና ጉም የማይለየው፣ ገብስ የሚበቅልበትና በግ የሚረባበት አገር ነው። ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙ ሳይርቅ የተዘረጋው የጓሳ ምድር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። የጓሳው ሣር የቤት ክዳንና ገመድ ይሆናል፤ የበጎቹ ጠጕር ተፈትሎ ባናና ዝተት ይሠራበታል፤ ግድግዳው ደግሞ የአገሩ ድንጋይ ነው። ግሼም በአየሩና በአኗኗሩ ከዚህ ብዙ አይለይም። ወደ መርሐ ቤቴ ሲሻገሩ ግን አገሩ እየተቆረጠ ወደ ጀማ ሸለቆ ያዘቀዝቃል፤ በቆላው ወገን ገብሱ ይቀርና ማሽላ ይተካል።

እንዲህ ባለው አገር፣ ከከተሞቹ ወጣ ሲባል፣ የልጅ መጫወቻ የሚሸጥ ሱቅ አይገኝም። ይሁን እንጂ መጫወቻ የሌለው ልጅ አይቼ አላውቅም። የቆላው ልጅ ከማሽላ አገዳ ቤት፣ አልጋና መነጽር ይሠራል። የደጋው ልጅ ከጠፍጣፋ ድንጋይ ጎጆ ያቆማል፤ በረት ያጥራል፤ ጠጠሮቹን በግ ብሎ ያስገባል፣ ያስወጣል። ልጃገረዷ ከአሮጌ ጨርቅ አሻንጉሊት ትቋጥራለች፤ የእናቷን አክርማና ስንደዶ ትርፍራፊ ሰብስባ መዳፍ የማታህል ሙዳይ ትጀምራለች። ሙዳይዋ ብዙ ጊዜ አታልቅም፤ አለማለቋም አያስደንቅም።

አንድ ቀን ስድስት ዓመት የማይሞላው እረኛ ከምንጭ አጠገብ ተቀምጦ ከጭቃ ጥማድ በሬ ሲሠራ ለረጅም ጊዜ ተመለከትሁት። የበሬዎቹ ቀንድ ሲደርቅ እየተሰበረ አስቸገረው። በመጀመሪያ ቀንዱን አወፈረው፤ አልሆነም። ቀጥሎ በቀንዱ ፈንታ እሾህ ሰካ፤ እሾሁ ቆመ፤ ነገር ግን የበሬው ራስ ተሰነጠቀ። ጥቂት አሰበና ተነሥቶ ወደ ጭድ ክምር ሮጠ፤ እፍኝ ጭድም ይዞ ተመለሰ። ጭዱን ከጭቃው ጋር በተረከዙ ረግጦ ካዋሐደው በኋላ አዲስ በሬ ሠራ። ይህን ከየት እንደ ተማረ ብጠይቀው፣ ‹‹አባባ ቤት ሲመርግ አይቼ›› አለኝ።

ልጁ ገና ፊደል አልቆጠረም። ነገር ግን ችግር ገጠመው፤ መፍትሔ ሞከረ፤ ሙከራው ባይሠራ ሌላ ሞከረ፤ በመጨረሻም በሌላ ቦታ ያየውን ዕውቀት ወደ ራሱ ሥራ አመጣው። እናንተ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ መላ ምት፣ ሙከራና ድምዳሜ እያላችሁ የምትማሩትን እርሱ በጭቃ ላይ ፈጸመው። የሚያሳዝነው ቀጥሎ የሆነው ነው። ታላቅ ወንድሙ ከተፍ አለና፣ ‹‹በጎቹ ገብስ ውስጥ ገብተዋል፤ አንተ እዚህ ጭቃ ታቦካለህ!›› ብሎ ሁለቱንም በሬዎች በእግሩ ጨፈለቃቸው። እውነቱን ለመናገር በጎቹ ገብስ ውስጥ ገብተው ነበር። ስለዚህ ወንድምየው በመቆጣቱ አልወቅሰውም። በጎቹን ከገብሱ ለማውጣት ግን በሬዎቹን መጨፍለቅ አስፈላጊ አልነበረም።

በዚህ ላይ አንድ የሩቅ አገር ታሪክ ልጨምር። ፍሪድሪክ ፍሮብል የተባለ ጀርመናዊ አስተማሪ እ.ኤ.አ. በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ ከተማ የሕፃናት ማስተማሪያ ቦታ ከፈተ። ጥቂት ዓመታት ቈይቶም ‹‹ኪንደርጋርተን›› የሚለውን ስም ሰጠው፤ ‹‹የሕፃናት የአትክልት ቦታ›› ማለት ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ መዋዕለ ሕፃናት የሚባለው ተቋም ከዚህ ቦታ ተያይዞ የመጣ ነው። ታዲያ ፍሮብል ለሕፃናቱ መማሪያ ብሎ በቅደም ተከተል ካዘጋጃቸው መጫወቻዎች የመጀመሪያው ምን ነበር ቢባል፣ ከሱፍ ክር የተሠሩ ስድስት ባለ ቀለም ኳሶች ነበሩ። ሕፃኑ ኳሱን ሲጨብጥ ልስላሴን፣ ሲያንከባልል እንቅስቃሴን፣ ከሌላው ጋር ሲያስተያይ ቀለምን ይለያል። ከእንጨት የተሠሩት ድቡልቡልና ባለ ማዕዘን ቅርጾች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ፈገግ አልሁ። የመንዝ እናት ጠጕር ስታዘጋጅና ስትፈትል ልጇ ከእግሯ ሥር ተቀምጦ ከብጥስጣሹ ጋር ሲጫወት ምን ያህል ዘመን ኖሯል! ብጥስጣሹ በጥቂት ውኃ ተነክሮ በመዳፍ መካከል ቢታሽ እርስ በርሱ ተያይዞ ጠንካራ ኳስ ይወጣዋል። ጥቁሩና ነጩ ጠጕር በተፈጥሮው አለ፤ በሁለቱ መካከልም ቡናማው አለ። ፍሮብል ሊቅ የተባለው ሱፍን ስላገኘ አይደለም፤ ሕፃኑ በሱፉ ሲጫወት እየተማረ መሆኑን ስላስተዋለ ነው። እኛ ሱፉ ነበረን፤ ማስተዋሉ ዘገየብን።

ስለ ቁጥርም እንዲሁ ነው። በእረኝነት ላይ ያሉ ልጆች መሬት ቈፍረው ገበጣ ሲጫወቱ ጠጠሩ ከየትኛው ጉድጓድ ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ አስቀድመው በልባቸው ያሰላሉ። ማታ በጎች ሲገቡ ግልገሉን ሁሉ ከየእናቱ ጋር የምታገናኘው የአምስት ዓመት ልጅ በመልክ፣ በድምፅና በጠባይ መመደብን ታውቃለች። አንዲት በግ ብትጎድል ሳትቈጥር ‹‹ቦቃዋ የለችም›› ትላለች። ሦስት መቶ ጊዜ ‹‹አንድ፣ ሁለት›› እያሉ ከመጮኽ ይልቅ ይህን ዕውቀቷን መነሻ አድርጎ፣ ‹‹ጠዋት ስንት ወጡ? አሁን ስንት ገቡ? ስንት ቀሩ?›› ብሎ መጠየቅ መቀነስን ማስተማር ነው። ጥያቄው ደቂቃ አይፈጅም፤ ከሥራዋም አያስቀራትም።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የማታው እንቆቅልሽ ነው። በምድጃ ዙሪያ ‹‹እንቆቅልሽ›› ሲባል ‹‹ምን አውቅልህ›› ተብሎ ይመለሳል፤ መልሱን ያላወቀም አገር ይሰጣል። ይህ ጨዋታ ሕፃናትን ማስተያየትን ያስተምራል፤ አንድን ነገር በሌላ ነገር ሰውሮ መናገር የቅኔም የሳይንስም በር ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ቤት የሚጠየቀው እንቆቅልሽ አንድ ዓይነት ነው፤ ልጆች መልሱን በቃላቸው ይዘውታል። በቃል የተያዘ እንቆቅልሽ ደግሞ እንቆቅልሽነቱ ቀርቷል። በአንድ ቤት ያመሸሁ ጊዜ አንዲት ሕፃን የታላላቆቿን ጥያቄ ሁሉ ጠግባ ኖሮ ከራሷ አንድ አወጣች፤ ‹‹ልብሴን ገፈው ለበሱት፤ እኔም መልሼ አበቀልሁት›› አለች። ቤቱ ዝም አለ። ከዚያ አንዱ ታላቋ፣ ‹‹እንዲህ የሚል እንቆቅልሽ የለም!›› ብሎ ተቈጣ። የለም ማለቱ እውነት ነው፤ እስከዚያች ሌሊት ድረስ አልነበረም። አያቷ ግን ጥቂት አሰቡና፣ ‹‹በግ!›› ብለው ሳቁ፤ አገርም ሰጧት። እንዲህ ያለች አንዲት ሳቅ ለአንድ ሕፃን ምን ያህል እንደምታወጣ ልተምንላችሁ አልችልም።

በነገራችን ላይ፣ ትውልዳቸው ከመንዝ የሆነው ደራሲ ከበደ ሚካኤል ‹‹ታሪክና ምሳሌ›› በተሰኘው ሥራቸው ምሳሌያዊ ታሪኮችን በግጥም አድርገው ለብዙ ትውልድ ተማሪዎች ማቅረባቸውን ታውቃላችሁ። የታወቀን ተረት በአዲስ ቋንቋ ማውጋት እንዲህ የከበረ ሥራ ከሆነ፣ ሕፃን ልጅ የተረቱን መጨረሻ ለውጦ ሲያወራ ‹‹ተሳሳትህ›› የምንለው ለምንድን ነው? ቀበሮዋ በመጨረሻው ጅቡን ይቅርታ ብትጠይቀው ምን ይጐዳናል?

እንግዲህ መሣሪያው በእጃችን ካለ የጐደለው ምንድን ነው? የጐደለው ለልጁ ጆሮ መስጠት ነው። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ተቀምጦ የገበሬውን ኑሮ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ‹‹ሰምና ወርቅ›› የተሰኘውን መጽሐፉን አሳተመ። በዚያም የልጆች አስተዳደግ ከሁሉ በላይ መታዘዝን ለማስተማር የታለመ መሆኑን ገልጿል። የዚህ ሰው አንዳንድ አስተያየት የሚያከራክር ቢሆንም ይህኛውን መካድ ያስቸግረኛል። ልጅ በእንግዳ ፊት አይናገርም። ዐዋቂ ሲያወራ አያቋርጥም። ‹‹ለምን?›› ካለ ‹‹ዓሣ ጐርጓሪ ዘንዶ ያወጣል›› ይባላል። አንዳች ነገር ቢያስተካክል ደግሞ ‹‹ልጅ እናቷን ምጥ አስተማረች›› ይባልበታል። ይህን ሁሉ የሚሰማ ልጅ ሞኝ ካልሆነ በቀር ዝም ማለትን ይመርጣል። ዝምታውንም ጨዋነት እንለዋለን።

ዝምታው የት እንደሚደርስ እናንተ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። መምህሩ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ‹‹ጥያቄ ያለው?›› ይላል። ስድሳ ተማሪ መሬት መሬት ያያል። ከስድሳው ሃያው በትክክል አልገባውም፤ ዐሥሩ ግሩም የሆነ ጥያቄ በልቡ አለው፤ አንድም እጅ ግን አይወጣም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በመምህሩ ወይም በመጽሐፉ ላይ እንጥላለን። እኔ ግን ያ እጅ የወረደው በዘጠነኛ ክፍል አይደለም እላለሁ፤ የወረደው ከዐሥር ዓመት በፊት በምድጃው ዳር ነው። የሰው ልጅ አንጎል በስድስት ዓመት ዕድሜ ከዐዋቂ አንጎል መጠን 90 ከመቶ ያህሉን ይደርሳል። ትምህርት በሰባት ዓመት ይጀመራል ብለን ስንጠብቅ ዋናው የእርሻ ወቅት አልፎብን ይገኛል ማለት ነው።

ሌሎችን ስወቅስ እኔ ነጻ እንዳልሆንሁ ልናዘዝ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ እንደ ብዙዎቻችሁ፣ በከተማ ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። ዓርብ ማታ ስንቅ ለማምጣት ወደ ገጠር እመለሳለሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከደጅ ተቀምጬ ለሰኞ ፈተና ሳጠና፣ በዚያን ጊዜ አምስት ዓመት ገደማ የሆናት ታናሽ እኅቴ ባናዋን ተከናንባ ወደ እኔ መጣች። ገደሉ በሙሉ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ‹‹ጋሼ፣ ይሄ ጉም ሌሊት የት ነው የሚያድረው?›› አለችኝ። ‹‹እያጠናሁ ነው፤ ዝም በይ!›› ብዬ ጮኽሁባት። የማጠናው የጂኦግራፊ መጽሐፍ ነበር፤ ምዕራፉም ስለ ጉምና ስለ ደመና አፈጣጠር ነበር። ሰኞ ዕለት ስለ ጉም የተጠየቀውን ጥያቄ ያለ አንድ ስሕተት መለስሁ። መምህሩ የጠየቀኝና እኅቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር መሆኑ የታየኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እርሷም ከዚያ ወዲያ ስለ ጉም ጠይቃኝ አታውቅም። ትምህርት ቤት ገብታ ጐበዝ ተማሪ ሆነች፤ ጠያቂ ግን አልሆነችም።

በዚህ አሳብ የማይስማሙ ሰዎች ሁለት ጠንካራ መቃወሚያ ያነሣሉ። አንደኛው የኑሮ ነገር ነው። የገጠር ልጅ ሥራ አለበት፤ በግ ይጠብቃል፣ ኩበት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል። እናት ከንጋት እስከ ምሽት አታርፍም፤ ከልጅ ጋር የምትጫወትበት ጊዜ ከየት ይመጣል? ይህ መቃወሚያ ከባድ ነው፤ በከተማ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀላል ማድረግም ነውር ነው። ነገር ግን ሥራና ትምህርት የግድ አይጣሉም። ኩበት እየለቀሙ ማውራት ይቻላል። አንዱን በግ በዝምታ ማገድና እያወሩ ማገድ የሚወስደው ጊዜ እኩል ነው። የምለምነው አዲስ ሰዓት እንዲመደብ ሳይሆን ባለው ሰዓት ውስጥ አፍ እንዲፈታ ነው። ልጁ ከትምህርቱ ቀርቶ ሙሉ ቀን እረኛ መሆን የለበትም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ በዚያም ላይ አቋሜ የታወቀ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ የሥርዓት ነገር ነው። ልጅ ሁሉን እንዲጠይቅ ከተፈቀደለት ታላቁን አያከብርም፣ ባለጌ ይሆናል ይላሉ። ለዚህ መልሱን ከሌላ አገር መበደር አያስፈልገንም። የቤተ ክህነት ትምህርታችንን እንመልከት። በንባብ ቤት ተማሪው የተሰጠውን ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ መመለስ አለበት። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ሕጉ ይገለበጣል። ትናንት የተዘረፈ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ተማሪው በየጊዜው አዲስ መፍጠር ይጠበቅበታል፤ የሌላውን ደግሞ እንደ ራሱ ካቀረበ ያፍራል። ይህን የሚያደርገው ግን መምህሩን እጅግ አክብሮ ነው። እንግዲህ መፍጠርና ማክበር በአንድ ቤት ውስጥ አብረው መኖር እንደሚችሉ አባቶቻችን በሥራ አሳይተውናል። እኔ የምቃወመው ፈቃዱ መዘግየቱን ነው። በወጣትነቱ ‹‹አዲስ ፍጠር›› የምንለውን ሰው በአምስት ዓመቱ ‹‹ያልተነገረህን አትናገር›› ብለን ለምን እናሳድገዋለን? በቡሄ ዋዜማ እኮ በየደጁ ሲጨፍሩ የባለቤቱን ስም እያስገቡ ስንኝ የሚያስተካክሉት እነዚሁ ልጆች ናቸው። በዚያች አንድ ሌሊት ማንም ባለጌ አይላቸውም፤ ሙልሙል ይሰጣቸዋል እንጂ።

መንግሥትም ነገሩን ጨርሶ አልዘነጋውም። እ.ኤ.አ. በ2010 የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ ‹‹ኦ ክፍል›› የሚባለው የአንድ ዓመት መሰናዶ በብዙ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተከፍቷል። ከዚህም ጋር ‹‹ልጅ ለልጅ›› የሚባል ዘዴ ተሞክሯል፤ ከፍ ያሉት ተማሪዎች በመምህር እየተመሩ የሰፈራቸውን ሕፃናት በጨዋታ ለትምህርት ያዘጋጃሉ። በመገናኛ ብዙኃንም በኩል፣ የአንደኛ ክፍል መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ እ.ኤ.አ. በ2005 ከባለቤታቸው ጋር ባቋቋሙት ድርጅት ‹‹ፀሐይ መማር ትወዳለች›› የተሰኘውን የአማርኛ የቴሌቪዥን ዝግጅት ለሕፃናት አቅርበዋል። ባለ ታሪኳ መጠየቅ የማይሰለቻት ትንሽ የቀጭኔ አሻንጉሊት ናት። ከእነርሱ በፊትም አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ለአርባ ዓመታት ያህል በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲያወሩ ኖረዋል። እነዚህ ሁሉ ሊመሰገኑ ይገባቸዋል። ሆኖም ኦ ክፍል የቤትን ቦታ አይተካም፤ ቴሌቪዥን መብራት በሌለበት አይሠራም፤ ከሁሉም በላይ ቴሌቪዥን ይናገራል እንጂ አይሰማም።

የሚሰማ ሰው በቤት ውስጥ መኖር አለበት። ወደ እናንተ የምመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። አባትና እናት ብዙ ጊዜ የልጁ ጥያቄ ከዕውቀታቸው በላይ ይሆንባቸዋል፤ የሚቈጡትም ከክፋት ሳይሆን ከዚህ ነው። መልሱን የማያውቅ ሰው ጥያቄውን ይሸሻል። እናንተ ግን መልሱን በደብተራችሁ ይዛችሁት ትዞራላችሁ። ዓርብ ማታ ለስንቅ ወደ ቤት ስትመለሱ የምታመጡት ዕውቀት ለሰኞ ፈተና ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ታናሽ ወንድማችሁ በከሰል ግድግዳ ላይ የሣለውን ጭላዳ ከመጥረጋችሁ በፊት ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ የደረቱን ቀይ ቦታ በምን ሊያቀልመው እንዳሰበም ጠይቁት። ምናልባት ቀይ አፈር ያለበትን ቦታ ያሳያችሁ ይሆናል። መልሱን የማታውቁት ጥያቄ ሲገጥማችሁም ‹‹አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርሃለሁ›› ማለት ማዕረጋችሁን አይቀንሰውም። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ‹‹አላውቅም›› ሲል የሰማ ሕፃን ለራሱም አለማወቅ አያፍርም። በሚቀጥለው ዓርብ መልሱን ይዛችሁ ካልተመለሳችሁ ግን ያስታውስባችኋል፤ አስቀድሜ አስጠንቅቄያችኋለሁ።

ባለፈው ክረምት ወደ አገሬ ገብቼ በእኅቴ ቤት አደርሁ። ዛሬ የራሷ ልጅ አላት፤ አምስት ዓመቱ ነው። ጠዋት ከደጅ ቆሞ ገደሉን ሲመለከት ቈየና፣ የሚጠይቀውን አስቀድሞ እንዳወቅሁበት ሁሉ፣ ስለ ጉሙ ጠየቀኝ። እጁን ይዤ ወደ ምድጃው ወሰድሁት። የሚፈላውን ድስት ክዳን አንሥቼ በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተንጠለጠሉትን የውኃ ጠብታዎች አሳየሁት። ከታች፣ ከምሥራቁ ቆላ፣ እርጥበት ያለው ሞቃት አየር በገደሉ ሽቅብ ይወጣል፤ ወደ ደጋው ሲቃረብ ይበርደዋል፤ ሲበርደውም በውስጡ የነበረው እንፋሎት እንደዚህ ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይለወጣል፤ ጉም የምንለው እርሱን ነው አልሁት። ልጁ ክዳኑን በጣቱ ነካ፤ ጠብታውን ቀመሰ፤ ወደ ደጅ ሮጦም ሰማዩን አንጋጦ አየ። ከዚያ ተመልሶ፣ ‹‹ታዲያ የጉሙ ክዳን የታለ?›› አለኝ።

ዝም አልሁ። እኅቴ ከምድጃው ማዶ አሻግራ አየችኝና ሳቀች፤ ‹‹እስቲ መልስለት እንጂ፣ ጋሼ፤ ወይስ ዛሬም እያጠናህ ነው?›› አለችኝ።